ኢድና ከምርቃት በኋላ የሰጠችው ትእዛዝ

ቲያትር ከተመረቀ በኋላ አዘጋጁ ሻንጣውን ሸክፎ ይሄዳል። ወጉ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ቲያትሩ በመድረክ መሪዋ እጅ ነው። ኢድና ሆልሮይድ በአዘጋጅነት ሠላሳ ዓመት ይህን ወግ አክብራ ኖራለች። የዛሬው ረቡዕ ግን እግሯ አልሄድ አላት።

የሃል ከተማው ቲያትር ቤት ኃላፊ ጡረታ ሊወጣ ነው። ቦታው ለኢድና ይሰጥ አይሰጥ የሚወስኑት የቦርዱ ሰብሳቢ ሚስተር ክሌግ ደግሞ የከሰዓቱን ትርኢት ሊያዩ ይመጣሉ። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ከከተማ ከተማ፣ ከኪራይ ክፍል ወደ ኪራይ ክፍል ስትንከራተት ኖራ አንድ ቦታ ማረፍ አማራት።

ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ተዋናይን ማንም አያናግርም። እሷ ግን ከአዳራሹ ጀርባ ወዲያ ወዲህ ስትል ቆየችና ሄዳ የብሮንዊንን በር አንኳኳች። ዋናዋ ተዋናይት ናት፤ ፊቷን እየተቀባባች ነበር።

«እንዴ ኢድና! አልሄድሽም? ሻንጣሽ አልዘጋ አለሽ?»

«ቀልዱን ተዪና ስሚኝ፣ የኔ ቆንጆ። መጨረሻ ላይ ደብዳቤውን ስትጨርሺ አትነሺ። መብራቱ እስኪጠፋ እዚያው ተቀምጠሽ ቅሪ፤ እንዲያ ይበልጥ ያምራል።»

«ዶሪን ታውቃለች?»

«እኔ እነግራታለሁ።»

ለመድረክ መሪዋ ለዶሪን ልትነግራት ስትሄድ ሚስተር ክሌግ ኮሪደሩ ላይ ያዟት። «ነይ እንጂ፣ አጠገቤ ተቀመጪ!» አሏት። ደስታው ልቧን ሰወረው፤ ሄዳ ተቀመጠች።

ብሮንዊን ደብዳቤውን አንብባ ጨረሰች። አልተነሳችም። ያኔ ኢድና ለዶሪን እንዳልነገረቻት ትዝ አላት። ዶሪን መብራቱን የምታስጠፋው ብሮንዊን ስትነሳ ነው፤ መዝገቧ ላይ እንደዚያ ተጽፏል። አሁን ብሮንዊን መብራቱ እስኪጠፋ ትጠብቃለች፣ ዶሪን ደግሞ ብሮንዊን እስክትነሳ። ከተመልካቹ አንዱ ሳለ። ሌላው የከረሜላ ወረቀት አንኮሻኮሸ።

«ልጅቷን እንቅልፍ ጣላት እንዴ?» አለች አንዲት አሮጊት ጮክ ብላ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

ብሮንዊን ግራ ሲገባት ብድግ አለች፤ መብራቱም ጠፋ።

«ረስታው ነው፣ አይደል?» አሉ ሚስተር ክሌግ። «የዛሬ ልጆች!»

ኢድና ሳል የያዛት መስላ አለፈችው። በሐሰት አትመስክር ሲባል ዝም ማለትንም ሳይጨምር አይቀርም። ሰው ሲወጣ እሷ ወደ መድረኩ ጀርባ በረረች።

ዶሪን ከእያንዳንዱ ትርኢት በኋላ ለአለቆች የሚላከውን ገጽ እየጻፈች ነው። ብሮንዊን ጥግ ላይ ቆማ አፍንጫዋን ትጠርጋለች።

«ምን ብለሽ ጻፍሽ?» አለች ኢድና።

«ብሮንዊን መነሳት ረሳች ብዬ። ብጠይቃት አፏን አልከፍት አለች።»

«ሰርዢው። አትነሺ ያልኳት እኔ ነኝ። ዛሬ፣ በግማሽ ሰዓቱ ውስጥ።»

ዶሪን መነጽሯን አወለቀች። «በግማሽ ሰዓቱ? አንቺ ሴትዮ፣ ይሄን ጀማሪ እንኳ አያደርገውም!»

«ጻፊው፣ ዶሪንዬ።»

«ክሌግ ነገ ጠዋት ያነቡታል እኮ። ቦታው...»

«አውቃለሁ አልኩሽ!»

ዶሪን ሰርዛ ጻፈች። ኢድና ግን ነገ ጠዋትን መጠበቅ አልቻለችም። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወርዳ ሚስተር ክሌግ ካፖርታቸውን ሲለብሱ ደረሰችባቸው።

«ልጅቷ አልረሳችም» አለች እያለከለከች።

አንድ እጃቸው እጅጌው ውስጥ እንደገባ ቆመው አዩዋት። እሷም ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻቸው።