የመሰላል አጥንት

«ሻይ ስትቀዳ እጇ ሲንቀጠቀጥ አዩት?» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ወደ አጎቷ ጆሮ ጠጋ ብላ።

«ባሏን ቀብራ ምን ይሁን ታዲያ? ሐዘን ነው ልጄ።»

«እኔ ግን ፍርሃት ነው የምለው።»

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ግን አጎትየውም የሟቹን ሚስት በዓይናቸው ጥግ ይከተሏት ጀመር። ጥርጣሬ እንደ ጉንፋን ነው፤ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው ላይ ይጋባል። እስከ ማታ ድረስ ለቀስተኛው ሁሉ ሲንሾካሾክ ዋለ።

ሟቹ የልብስ ሰፊዋ ታናሽ ወንድም፣ ቤት ቀቢ ነበር። ጣሪያ የሚቀባው መሬት ላይ ቆሞ ስለነበር ጓደኞቹ «መሰላል» ይሉታል። እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞተች ያሳደገችው እህቱ ናት፤ ሱሪውንም የምትሰፋለት እሷው ነበረች። የእኩዮቹ ቁመት ሲቆም የሱ አልቆመም። ሃያ ሰባት ዓመት ሞልቶት እንኳ ሱሪው ከቁርጭምጭሚቱ ይሸሽ ነበር። «አንተ ልጅ፣ ጨርቅ ልታስጨርሰኝ ነው?» ስትለው «እግዜር መለኪያው ጠፍቶበት ነው» እያለ ይስቃል።

ካገባ በኋላ ግን ሳቁ ቀነሰ። አንድ ጊዜ እጁን በጄሶ ታስሮ መጣና «ወደቅሁ» አላት። ሌላ ጊዜ ጎኑን ደግፎ፣ ሳል እንዳያመልጠው እየተጠነቀቀ፣ «አዳለጠኝ» አለ። ይህን የሚያህል ሰውዬ ሁልጊዜ እንዴት ይወድቃል? ሚስቱን ጠረጠረች። ልጅ አለመውለዳቸው ደግሞ አባሰባት። በመጨረሻ ከአንዲት አጭር በርጩማ ላይ ወድቆ የዳሌው አጥንት ተሰበረ፤ ሆስፒታል እንደተኛ የረጋ ደም ሳንባው ገብቶ ገደለው። ሲወድቅ ከሚስቱ በቀር ያየ አልነበረም።

በማግስቱ ልብስ ሰፊዋ ለእንግዶች ትራስ ልትጨምር መኝታ ቤት ገባች። ቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ ከአንሶላ ስር፣ አንድ የመድኃኒት ካርቶን አገኘች፤ ቆዳ ላይ የሚለጠፉ ስስ ፕላስተሮች ናቸው። የሴት ሆርሞን እንደሆነ ጎኑ ላይ ተጽፏል። ደሟ ፈላ። አጎቷንና ሚስትየዋን ጠርታ በሩን ዘጋች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ሚስትየዋ ካርቶኑን ስታይ አልጋው ጠርዝ ላይ ዘጭ አለች። «ተይው እታለም።»

«እታለም አትበይኝ! እሱ ልጅ ልጅ ሲል አንቺ በድብቅ እንዳታረግዢ ነው አይደል? አጥንቱንስ የሰበርሽው በምንድን ነው? ተናገሪ፤ አለዚያ ፖሊስ ጣቢያ ትናገሪያለሽ!»

«ተናገሪ እንጂ» አሉ አጎትየው፣ ድምፃቸው ከብዶ።

«አልናገርም ብዬ ምዬለት ነበር…» አለች ሚስትየዋ። «የሱ ነው።»

«የማን?»

«የወንድምሽ። ሐኪም ነው ያዘዘለት። ወንድ ልጅም ቢሆን ከራሱ ሆርሞን ጥቂቱን ወደ ሴት ሆርሞን ይለውጣል አሉን፤ ስቡ ውስጥ፣ አጥንቱ ውስጥ፣ እዚያው በያለበት። አጥንት ማደጉን የሚያቆመውም የሚጠነክረውም በዚያ ሆርሞን ነው። ሴት ካረጠች በኋላ አጥንቷ የሚሳሳው እኮ ሲያንሳት ነው። የሱ ሰውነት ግን ሲፈጠር ጀምሮ መለወጥ አይችልም ነበር። ቁመቱ ለዚያ ነው ያልቆመው። አጥንቱ ሲነኩት እንደሚፈረፈር ደረቅ ዳቦ ነበር። ልጅ ያጣነውም በዚሁ ሳይሆን አይቀርም ብለውናል።»

ልብስ ሰፊዋ ካርቶኑን ከፈተች። «ብዙው አልተነካም እኮ! ከልክለሽው ነው?»

«ሁለት ሳምንት ለጠፈው። አንድ ቀን ሸሚዙን ሲቀይር የሥራ ጓደኛው አይቶ ‹ምንድን ነው?› አለው። ከዚያ በኋላ ‹ጡት ላብቅል? መሰላል የሴት መድኃኒት ይለጥፋል ሊሉኝ ነው?› ብሎ እምቢ አለ። እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት። ለእህቴ ከነገርሽ ጥዬሽ እሄዳለሁ አለኝ። ከሰው ሁሉ የሚያፍረው አንቺን ነበር። ‹ወንድ አድርጋ ነው ያሳደገችኝ› ይላል።»

ልብስ ሰፊዋ ካርቶኑን ካገኘችበት መልሳ ሸሸገችው።

ወደ ሳሎን ሲመለሱ ወሬው ድንገት ቆመ። አንዲት ጎረቤት ልብስ ሰፊዋን እጇን ይዛ፣ «የሚባለው እውነት ነው? እሷ ናት አሉ» ብላ አንሾካሾከች።

«ውሸት ነው» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብላ። «እኔ ነኝ ያወራሁት፤ ውሸት ነው። ወንድሜ አጥንቱ ደካማ ነበር። እሷ ስታስታምመው ነው የኖረችው።»

የለቀስተኛው ዓይን ግን ከሚስትየዋ ላይ ወዲያው አልተነሳም። ሚስትየዋ ፍራሹ ጫፍ ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ልብስ ሰፊዋ ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ቀኑን ሙሉ ቆመው የዋሉትን የሚስትየዋን እግሮች ወደ ጭኗ ሳበችና ጫማዋን አውልቃላት፣ ቀዝቃዛ ጣቶቿን አንድ በአንድ ታሽላት ጀመር።