የሁለት ሰው ጠረጴዛ

«ለቅዳሜ ምሳ የሁለት ሰው ጠረጴዛ ይዘንልዎታል። እንደምትመጡ ለማረጋገጥ ነው የደወልኩት» አለች በስልኩ ውስጥ ያለችው ሴት፣ በለስላሳ ድምፅ።

ስልኩን ያነሳችው ሴት ባሏን ከቀበረች ሁለተኛ ቀኗ ነው። ሳሎኑ ከየጎረቤቱ በተለቀሙ ወንበሮች ተጨናንቋል፤ ለቀስተኛው ወሬውን አቁሞ አፏን አፏን ያያታል። «ሞቷል» ማለት ነበረባት። አንዲት ቃል ብቻ።

«አዎ፣ እንመጣለን» አለች።

ስልኩን ዘግታ እንደያዘችው ቀረች። ጉንጯ ጋለ። ልቧ ደረቷን ደጋግሞ መታው፤ ከሦስት ቀን ወዲህ ሲመታ እንደነበረው ግን አይደለም፣ ሌላ ዓይነት አመታት ነው። ደስታ ብላ ልትጠራው ፈራች።

«ማነው?» አለች የባሏ እህት የቡናውን ፔርሙስ ክዳን እያጠበቀች።

«ከሬስቶራንቱ ነው።»

«እግዜር ይስጣቸው። ሊመጡ ነው?»

«እነሱስ አይመጡም» አለችና ወደ መኝታ ቤት ገባች።

ከኋላዋ ሹክሹክታው ቀጠለ። «ምስኪን፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። ክፉ ቃል አይወጣውም» አለ አንዱ። «ደግም አይወጣውም ነበር» አለ ሌላው፤ ሁለቱም ሳቃቸውን በመሀረብ አፈኑት።

እውነታቸውን ነው። ሟቹ ቢላ ስሎ አዳሪ ነበር፤ ሰፈሩ በሙሉ «ሞረድ» እያለ ነው የሚጠራው። በእግር የሚሽከረከረውን ድንጋዩን ጋሪ ላይ ጭኖ በየሥጋ ቤቱና በየሆቴሉ ይዞር ነበር። «እንዴት ዋልክ?» ሲሉት ጭንቅላቱን ይነቀንቃል፤ ደግመው ከጠየቁት ድንጋዩን ያሽከረክራል።

ሐሙስ ሐሙስ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ሐሙስ የትልቁ ሬስቶራንት ተራ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በጓሮ በር እየገባ የዚያን ቤት ቢላዎች ስሏል። ያን ቀን ቤቱ ሲገባ እጁን በሳሙና ይታጠባል፣ ከሚስቱ ፊት ለፊት ይቀመጣል፣ ከዚያ አፉ ይከፈታል። የአዳራሹ መጋረጃ ቀይ ከፋይ ነው። መብራቶቹ እንደ ወይን ዘለላ ተንዠርግገዋል። አንድ ሽማግሌ ዓይኑን ጨፍኖ ፒያኖ ይጫወታል። በመስተዋት ገንዳ ውስጥ ደግሞ አንድ ዓይን ብቻ ያላት ወርቃማ ዓሣ አለች፤ እንግዳ በገባ ቁጥር እስከ ጠረጴዛው ድረስ በዓይኗ ትሸኘዋለች።

«ዛሬስ ዓሣዋ?» ትለዋለች ሚስቱ እራቱን እያቀረበች።

«ዛሬ አኩርፋለች። አንድ ነጋዴ ጀርባውን ሰጥቷት ተቀመጠ።»

ሐሙሶቻቸው እንዲህ ነበሩ።

አርብ ከሰዓት በኋላ፣ ለቀስተኛው ሳሳ ሲል፣ የባሏ እህት የመኝታ ቤቱን በር ሳታንኳኳ ከፈተችው። ጥቁሩ ቀሚስ ተተኩሶ አልጋው ላይ ተዘርግቷል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ነገ ምሳ ተጠርቻለሁ።»

ነገሩ የተጀመረው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ሞረድ ጆሮው እስኪቀላ አፍሮ የሬስቶራንቱን ሼፍ «ሹካ በየትኛው እጅ ነው የሚያዘው?» ብሎ ጠየቀው። ምክንያቱ ሲጣራ፣ የጋብቻቸው ሠላሳኛ ዓመት ደርሶ ኖሮ ሚስቱን አንድ ደህና ቦታ ሊጋብዛት አስቧል። ሼፉም «ሌላ የት ልትሄድ ነው? በፊት ለፊቱ በር ትገባለህ፤ የእኔ እንግዳ ነህ» አለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታቸው ትምህርት ቤት ሆነ። በየምሽቱ የተቀቀለ ድንች ይቀርባል፤ ቢላ በቀኝ፣ ሹካ በግራ።

«አትጫኚው» ይላታል። «የተሳለ ነው፤ ሳብ ብቻ አድርጊው።»

አንድ ምሽት ድንቹ ከሳህኗ ተፈናጥሮ የግድግዳውን ሰዓት መታው። ሰዓቱ ቆመ። ሞረድ ወንበሩን ይዞ እስኪንበረከክ ሳቀ። ሲረጋጋ ቢላዋን አነሳና እንደ ሁልጊዜው አቀበላት፤ ስለቱን ወደ ራሱ፣ እጀታውን ወደ እሷ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ቢላ ሲያቀብል ሌላ አያያዝ አይታበት አታውቅም። ከእሷም ሲቀበል እንደዚያው እንድትሰጠው ይጠብቃል።

በዚህ ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት፣ ለቅዳሜ የሚለብሰውን ሸሚዝ እየተኮሰ ሳለ፣ ልቡ ቀጥ አለ።

«ሰው ምን ይላል? አፈሩ ሳይደርቅ!» አለች እህትየው በመኝታ ቤቱ በር ላይ እንደቆመች ድምጿን አፍና።

«ብዙ ይላል።»

«ታዲያ?»

ሚስትየው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ወንድምሽ ሲያፏጭ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

«ሲያፏጭ? እሱ?»

«ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲያፏጭ ከረመ። እኔም ከእሱ ተጋብቶብኝ ነው መሰለኝ፣ ሆዴ አሁንም ይርገበገባል። አለቅሳለሁ፤ ከዚያ ቅዳሜ ትዝ ይለኛል፣ ደግሞ ይርገበገባል። አፍሬበታለሁ። ግን ካልሄድኩ እነዚያን ሐሙሶች ሁሉ አብሬ የቀበርኳቸው ይመስለኛል። መጋረጃውን ልየው። ዓሣዋን ልያት።»

እህትየው ቀሚሱን ብዙ አየችው። ከዚያ ዓይኗ ወለሉ ላይ ወዳለው አሮጌ ጫማ ወረደ።

«በዚህ ነው የምትሄጂው?»

«ሌላ የለኝም።»

ጎንበስ ብላ የራሷን አወለቀች። «ጣትሽ ጋ ይጠብሻል፤ ቻይው። ሰው ከጠየቀኝ ራሷን አሟት ተኝታለች እላለሁ።»

«ልትዋሺልኝ?»

«ለወንድሜ ስል መዋሸት ዛሬ አልጀመርኩም» አለችና በባዶ እግሯ ወደ ለቀስተኛው ተመለሰች።

ቅዳሜ በምሳ ሰዓት ከረጅሙ የመስተዋት በር ፊት ስትደርስ የቀሚሷን ጫፍ አስተካከለች። ዘበኛው ግን ገና ሳትጠጋ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተላት፤ እጅም ነሳ። ሃያ ስድስት ዓመት በወሬ የኖረችበት አዳራሽ! አንገቷን ቀና አድርጋ ገባችና በዓይኗ መጋረጃውን ፈለገች።

መጋረጃ የለም። ግድግዳው ወተት የመሰለ ነጭ ነው። መብራቶቹ ትንንሽና ክብ ናቸው፤ ጣራው ላይ ተለጥፈዋል። ፒያኖም ሽማግሌም አይታይም።

ሼፉ ነጭ ልብሱን እንደለበሰ ከወጥ ቤት ወጥቶ ሁለት እጇን ያዘ። «እግዜር ያጥናዎት፣ እትዬ። መርዶውን ትናንት ነው የሰማሁት። ‹እንመጣለን ብላለች› ሲሉኝ ግን ጠረጴዛውን ማንም እንዳይነካው አልኩ።»

ጠረጴዛው መስኮት ሥር ነበር፤ ለሁለት ሰው ተሰናድቷል።

«ዓሣዋ የት ናት?» አለች ገና ከመቀመጧ።

«ዓሣ አሰኝቶዎት ነው? እንዲጠበስ ነው ወይስ...»

«ኧረ በሕይወት ያለችውን! አንድ ዓይናዋን!»

ሼፉ ግራ ገባው። ሁሉንም ነገረችው፤ መጋረጃውን፣ የወይን ዘለላውን፣ ሽማግሌውን፣ ያኮረፈችውን ዓሣ። ሰውየው እያዳመጠ ቆቡን ቀስ ብሎ አወለቀ።

«እትዬ፣ እሱ እኮ ይህን አዳራሽ አይቶት አያውቅም» አለ። «ስንት ጊዜ ‹ና ላሳይህ› ብዬዋለሁ። ‹ከእሷ ጋር ነው የማየው› ይለኛል። ሃያ ስድስት ዓመት ከወጥ ቤቱ አላለፈም።»

ባዶውን ወንበር አየችው። ከዚያ ሳቋ መጣ። ያ ቃል የማይወጣው ሰውዬ! ድንጋዩን በእግሩ እያሽከረከረ፣ ለማታው ወሬ ዓሣ ሲፈጥርላት! አጠገቧ ያሉት ተመጋቢዎች ዞረው አዩዋት። ሳቀች፣ ዕንባዋን በናፕኪን ጠረገች፣ ደግማ ሳቀች።

ሥጋውን በትኩስ ሳህን ያመጣው ሼፉ ራሱ ነው። «ይህን ቢላ ባለፈው ሳምንት ነው የሳለው። ከዚያ ወዲህ ሰው አልበላበትም» አለና ትቷት ሄደ።

ቢላ በቀኝ፣ ሹካ በግራ። አልተጫነችውም። ሳብ አደረገችው፤ ሥጋው የሚቆረጥበትን ቀን ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ቀስ ብሎ ተከፈለ። ምንም አልተፈናጠረም። ኩራት ደረቷን ነፋው። እስከ መጨረሻዋ ቁራጭ በላች፤ ሳህኑ ላይ የቀረውን መረቅም በዳቦ ጠረገችው። ይህኛውን ያስተማራት የለም።

አስተናጋጁ ሁለተኛውን ሳህን ሊያነሳ እጁን ሲዘረጋ «ተወው፣ ወንድሜ» አለችው። እስኪርቅ ጠበቀችና ወደ ባዶው ወንበር ጠጋ አለች።

«መጋረጃ የለም» አለች በሹክሹክታ። «ግድግዳው ነጭ ነው። በመስኮቱ ዛፍ ይታያል። ዘበኛው እጅ ነሳኝ፤ እኔን! ጫማው የእህትህ ነው፣ ጣቴን ገደለው።» ትንሽ አሰበች። «ዓሣዋ ደህና ናት። ዛሬ አላኮረፈችም።»

ቢላዋን በናፕኪኑ ጥርት አድርጋ ጠረገች። ስለቱን ወደ ራሷ አዞረች፤ ክንዷን በጠረጴዛው ላይ ዘርግታም እጀታውን ወደ ባዶው ወንበር አድርጋ አስቀመጠችው።