የስንቄ መጋረጃ

አልጋው በሩ ላይ ተቀርቅሯል። ዘሚራ ከውስጥ ብትገፋ፣ ደላላው ምንይሉ ከውጭ ቢስብ አልወጣ አለ። ባለቤቷ ሙሐመድሸሪፍ በረንዳው ላይ ወንበር ተደርጎለት፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ያያቸዋል።

«ሲያስገቡት በየት በኩል ነው ያስገቡት?» አለ ምንይሉ ላቡን እየጠረገ።

«እግሮቹ ይፈታሉ» አለ ሙሐመድሸሪፍ። «የጠየቀኝ የለም እንጂ።»

እግሮቹ ተፈቱና አልጋው ወጣ። ከአልጋው ቀጥሎ ጀሪካኖቹ፣ የዱቄት በርሜሉ፣ በቆሎ ያለበት ማዳበሪያና የመድኃኒቱ ካርቶን ወጡ። ምንይሉ በሞጣና በዙሪያዋ የሚሸጡ ቤቶችን ፎቶ እያነሳ ቴሌግራም ላይ ይለጥፋል። ገዥዎቹ ብዙውን ጊዜ አዲስ አበባና ባሕር ዳር የሚኖሩ የአገሩ ተወላጆች ስለሆኑ ቤቱን መጀመሪያ የሚያዩት በስልካቸው ነው። ስለዚህ ሳሎኑ ሰው የታመመበት መምሰል የለበትም።

«ገዥ የሰው ቤት ማየት አይወድም፣ እትዬ ዘሚራ» አለ። «የራሱን ቤት ነው ማየት የሚፈልገው።»

ዘሚራ መጥረጊያ አንስታ አልጋው የነበረበትን ጠረገች። ሌሊቱን እንቅልፍ አልነበራትም። ሙሐመድሸሪፍ ለኩላሊት እጥበት በየሳምንቱ ሁለት ጊዜ ባሕር ዳር መድረስ አለበት። መንገዱ ሲከፈት ይሳፈራሉ፤ ሲዘጋ ቤት ተቀምጣ ፊቱ ሲያብጥ ታያለች። ባለፈው ወር ሐኪሙ፣ ወይ ሆስፒታሉ አጠገብ ይኖራል፣ ወይ ደግሞ ብሎ ቀሪውን ተወው። ባሕር ዳር ተከራይቶ ለመቀመጥ ከዚህ ቤት ሌላ የሚሸጥ የላቸውም።

ነገሩን ለማንም አልተናገሩም። የከለከለው ሙሐመድሸሪፍ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ጨርቅ ሲነግድ ኖሯልና የተቸገረ ሻጭ ምን ዓይነት ዋጋ እንደሚጠራበት ያውቃል። ለዘሚራ የከበዳት ግድግዳ ለሚጋሯቸው ለስንቄና ለባሏ ለይስማው ሳይነግሩ መቅረታቸው ነው። በዚህ አገር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ቤት ሲሸጥ መጀመሪያ ጎረቤቱን ይጠይቃል። ጎረቤት አልፈልግም ካለ በኋላ ነው ለባዕድ የሚሸጠው።

የሙሐመድሸሪፍ ራስ ሲያርፍበት የኖረው የግድግዳ ቀለም ወይቦ ነበር። ምንይሉ እዚያ ላይ መጋረጃ ቢሰቀል ጥሩ ነው ስላላት ጠዋት ስንቄ ዘንድ ሄዳ ተውሳ ነበር። እንግዳ ይመጣብናል አለቻት። ስንቄ ማን እንደሚመጣ እንኳ ሳትጠይቅ፣ ለልጇ ለወይንእሸት መልስ ያሰፋችውን ባለዘርፍ ወይን ጠጅ መጋረጃ ከሻንጣ አወጣችላት። እንግዳ በባዶ ሲሚንቶ ላይ አይቀመጥም ብላ ምንጣፍ ጨመረችላት።

ምንይሉ ጥግ ላይ ተንበርክኮ፣ ስልኩን አጋድሞ አነሳ። ፎቶውን ሲያሳያት ዘሚራ ቤቷን አላወቀችውም። ሰፊ፣ ብርሃን የሞላው፣ ማንም ታሞበት የማያውቅ ቤት ነው። ስልኩን ለባሏ አቀበለችው። እሱም ዓይኑን አጥብቦ ብዙ አየው።

«ጥሩ ቤት ነው» አለ። «እኛ እንዲህ ያለውን ሳንገዛ ቀረን።»

ምንይሉ ፎቶውን ለጥፎ ሄደ። ከሰዓት በኋላ፣ ዕቃው ገና ሜዳ ላይ እንዳለ፣ ስልክ ተደወለ። ሐብታሙ እባላለሁ ያለ፣ አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ነው። ቤቱን ወዶታል፤ በዋጋውም ብዙ አልተከራከረም። ሆኖም ቢቸና ላይ ሌላ ቤት አይቷል፤ ዛሬ ማታ ቁርጡን ካልነገሩት ለዚያኛው ቀብድ ይልካል። ዘሚራ ተማክረን እንነግርዎታለን አለችው። ስልኩን ስትዘጋ ሙሐመድሸሪፍ ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ እሺ በይው ማለቱ ነው።

መልሳ ከመደወሏ በፊት ስንቄ መጣች። ሌላ ጊዜ ሳታንኳኳ ትገባ ነበር። ዛሬ ደፉ ላይ ቆመች። መጋረጃውን፣ ባዶውን ሳሎን፣ የተፈታውን አልጋ በተራ አየች።

«እንግዶቹ ሄዱ?»

ዘሚራ ወደ ደፉ መጣች።

«ወይንእሸት ከቢቸና ደውላ፣ እማዬ መጋረጃሽን ቴሌግራም ላይ አየሁት አለችኝ» አለች ስንቄ። «ሳቅሁባት። መጋረጃ ደግሞ ቤት ይሸጣል ወይ አልኳት። ይሸጣል ለካ።»

ዘሚራ መንገዱን፣ ሐኪሙን፣ የሞጣ ሰው ከሰማ ዋጋው እንደሚወድቅ፣ ሁሉንም እያደናቀፋት ተናገረች። ስንቄ እስክትጨርስ ጠበቀቻት።

«የሸሪፍን ሕመም ለእኔ ትነግሪኛለሽ? ሌሊት መኪና ስታጡ ይስማውን የምትቀሰቅሱት እናንተ አይደላችሁ?»

«እውነትሽን ነው።»

«ታዲያ ዋጋ የምጥለው እኔ ነኝ?»

ሙሐመድሸሪፍ በረንዳው ላይ አቀርቅሮ ነበር። ስንቄ እሱን ስታየው ድምጿ ዝቅ አለ።

«እኛ እንደማንገዛውማ ታውቂያለሽ። የይስማው ጡረታ እንኳንስ ለቤት ለእኛም አይበቃ። ግን መጠየቅ ራሱን የቻለ ነገር ነው፣ ዘሚራ። ሰው ሲጠይቀኝ ምን ልበል? ግድግዳ ተጋርተን ስንኖር፣ እንደ መንገደኛ ከስልክ ላይ ሰማሁ ልበል?»

ይህን ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ለመሄድ ዞረች። በረንዳውን ልትወርድ ስትል ዘሚራ ጠራቻት።

«ስንቄ።»

ቆመች።

«ቤቱን ልንሸጠው ነው። ትገዙታላችሁ?»

ስንቄ እንደ ገዥ ፊቷን ወደ ቤቱ መልሳ ጣሪያውን፣ መስኮቱን፣ የጋራውን ግድግዳ አየች።

«ይስማውን ላማክረው» አለች። «ለቅሶ ደርሶ ከየጁቤ የሚመለሰው ነገ ነው። ነገ እነግርሻለሁ።»

የሚመከር ነገር እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ። ዘሚራ አዲስ አበባ ስላለው ሰው አንድም ቃል አልተነፈሰችም።

«እሺ፣ እጠብቃለሁ» አለች።

ስንቄ ከግቢው ሳትወጣ ስልኩ ጮኸ። ዘሚራ ባሏን አየችው። ፊቱ ከጠዋቱ ይልቅ አብጧል። የሚላትን ጠበቀች፤ እሱ ግን ብርድ ልብሱን ወደ ትከሻው ሳበ። አነሳችው፤ ሐብታሙ ነበር።

«ለነገ ያሳድሩን» አለችው።

«ምነው፣ ሌላ ገዥ መጣ እንዴ?»

«አዎ፣ ከእርስዎ የሚቀድሙ አሉ። ያኛውን ቤት ከያዙም አልቀየምዎትም።»