ሁለት እምቢተኞችና አንድ ሳፋ

እማማ ሰአዳ ከወራቤ ጆሃንስበርግ ከመጡ ወዲህ ብዙ ጊዜ ሆዳቸው ባዶውን አድሯል። ምግብ ጠፍቶ አይደለም። ሜይፌር ያለው የልጃቸው የከሊል ቤት ፍሪጁ አልዘጋ እስኪል ሙሉ ነው። የሚያስርባቸው የልጅ ልጃቸው ራውዳ ናት፤ እሷም በክፋት አይደለም።

ራውዳ ጭማቂ ቀድታ ትመጣና «እማማ፣ ትጠጫለሽ?» ትላለች።

«አልፈልግም፣ አንቺው ጠጪ» ይላሉ እማማ ሰአዳ፣ እንደ ወጉ። ወግ የሚያውቅ ሰው «ኧረ በሞቴ» ይላቸዋል፤ እሳቸው «ኧረ ተዪኝ» ይላሉ፤ «አፈር ስሆን!» ይባላሉ፤ ያን ጊዜ «እንግዲህ ካልሽ» ብለው ይቀበላሉ። ጨዋ ሰው የሰጡትን እንደ ድመት አይነጥቅም። ራውዳ ግን «ኦኬ» ትልና ጭማቂውን እዚያው እንደቆመች ትጨልጠዋለች።

አንድ ቀን ቢበዛባቸው «አንቺ ልጅ፣ ሰው የሚጠየቀው አንዴ ብቻ ነው እንዴ?» አሏት።

«ትምህርት ቤት ኖ ማለት ኖ ነው ብለውናል» አለች።

እማማ ሰአዳ ከዚያ ወዲያ ነገሩን አላነሱባትም። ለምኑኝ ብሎ ከመለመን ተርቦ ማደር ይሻላል።

ይህች ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ቻይንኛ ትማራለች። ትምህርት ቤቱ ቻይናዎቹ በሚበዙበት ሰፈር፣ ሲሪልዲን፣ ባንድ አዳራሽ ውስጥ ነው። የተከፈተው ለራሳቸው ልጆች፣ የአያቶቻቸው ቋንቋና ወግ እንዳይጠፋባቸው ነው፤ የሌላ ሰው ልጅ ቢመጣም አይመልሱም። ከሊል ብርድ ልብስና የፕላስቲክ ዕቃ ከቻይና ጅምላ ነጋዴዎች እያነሳ ለኮዝሞ ሲቲና ለዛንድስፕሩት ስፓዛዎች፣ ለየሰፈሩ ትንንሽ ሱቆች፣ የሚያከፋፍል ሰው ነው። «ዋጋ ስጠይቃቸው ዞር ብለው እርስ በርስ ያወራሉ» ይላል። «ምን እንደሚባባሉ የሚነግረኝ አንድ ጆሮ ከቤቴ እፈልጋለሁ።»

ጆሮ ትሁን ብሎ የላካት ልጅ ሌላም ሌላም ተምራ መጣች። በብሩሽ ትጽፋለች፤ ማራገቢያ ይዛ ትጨፍራለች፤ ለአባቷ ሻይ በሁለት እጇ ታቀርባለች።

«በሁለት እጅሽ ስጪ ብዬ እኔ ስነግራት አልሰማችም» አሉ እማማ ሰአዳ። «ቻይና ሲነግራት ሰማች።»

ጃካራንዳው ሲያብብ የቻይናዎቹ የሽማግሌዎች በዓል ደረሰ። ራውዳ ከትምህርት ቤት እንደገባች ቦርሳዋን ሳታወርድ «እማማ፣ የአያቶች በዓል አለን። እያንዳንዱ ልጅ የአያቱን እግር ሰው ፊት ያጥባል። ትመጫለሽ?» አለች።

እማማ ሰአዳ በልጅነታቸው ከመንገድ የገባ ትልቅ ሰው ሁሉ እግሩን የሚዘረጋው ለሳቸው ነበር። የአባታቸውን አጥበዋል፤ የአጎቶቻቸውን አጥበዋል፤ አላህ ይማራቸውና ቁጡ የነበሩትን አማታቸውን አጥበዋል። ተራው የሳቸው ሲሆን ልጅ ሁሉ ባሕር ተሻገረ። እግራቸውን፣ ለሰላት ውዱእ ሲያደርጉ ከራሳቸው እጅ በቀር፣ የነካው የለም።

«እኔ? እግሬን? ሰው ፊት? አልመጣም!» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ለመለመን እንዲመች።

«ኦኬ» አለች ራውዳ።

ሳምንቱን ሙሉ ጠበቁ። ተረከዛቸውን በድንጋይ ፈገፈጉ። ከጎረቤት ሂና አስመጥተው የእግር ጣታቸውን አቀሉ። ከሊል አይቶ «እናቴ፣ ሰርግ አለ እንዴ?» ቢላቸው «ለራሴ ነው፤ ለራስ መቀባት ተከለከለ?» አሉት። ልጅቱ ግን አልደገመችላቸውም።

ዓርብ ማታ፣ ራት ላይ፣ ከሊል እየሳቀ «ራውዳ የሰው አያት ተሰጣት» አለ። የትምህርት ቤቱ መምህርት፣ ቲቸር ሊን፣ የራውዳ አያት እንደማይመጡ ስትሰማ የራሷን የመምህርቷን እናት እንድታጥብ መድባታለች።

«ናይናይ ነው የምላት» አለች ራውዳ።

«ምን ማለት ነው?» አሉ እማማ ሰአዳ።

«የአባት እናት።»

እማማ ሰአዳ የጠቀለሉትን ጉርሻ መልሰው አስቀመጡ። «የአባትሽ እናትስ እኔ ነኝ።»

«አንቺ ኖ አልሽ!»

በማግስቱ ከሊል መኪናውን ሲያስነሳ እማማ ሰአዳ ነጠላቸውን ተከናንበው ከኋላ ተቀምጠዋል።

«እናቴ፣ ወዴት ነው?»

«አየር ልቀበል። ንዳ።»

በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ባርኔጣውን አንስቶ «ሳውቦና፣ ጎጎ!» አላቸው። ጎጎ በነሱ አፍ አያት ማለት መሆኑን እማማ ሰአዳ ያውቃሉ። «ይኸው፣ ይህ እንኳ አያት መሆኔን አወቀ» ብለው አለፉት።

አዳራሹ ውስጥ አሮጊትና ሽማግሌው በወንበር ተደርድሯል። ከየፊታቸው አንዳንድ ሳፋ ተቀምጧል፤ ሳፋው ከሊል ራሱ የሚያከፋፍለው ዓይነት ነው። ቲቸር ሊን እማማ ሰአዳን ስታይ እየሮጠች ወንበር አምጥታ እናቷ ጎን አስቀመጠች።

«ኧረ እኔ ለማየት ነው የመጣሁት!» አሉ እማማ ሰአዳ። መምህርቷ አማርኛ አትሰማምና ትከሻቸውን ይዛ አስቀመጠቻቸው። በቋንቋ አለመግባባት የሚጠቅምበትም ጊዜ አለ።

የመምህርቷ እናት፣ ያቺ ናይናይ የምትባለው፣ ትንሽዬ አሮጊት ናት፤ በዚያ ሙቀት ሹራቧን እስከ አንገቷ ቆልፋለች። ሁለቱ አሮጊቶች በጎን ተያዩና አንገታቸውን ዝቅ አደረጉ።

ራውዳ ውሃ የሞላ ሳፋ ይዛ መጣች። አያቷን ስታይ ደነገጠች። ቆም ብላ አሰበችና ሳፋውን እማማ ሰአዳ እግር ሥር አኖረችው። «እማማ፣ ላጥብሽ?»

ከልብ ምላስ ይቀድማል። «ኧረ ተዪ! እኔ ምን ቆርጦኝ! እሷን እጠቢ!» አሉ እማማ ሰአዳ፤ እግራቸውንም ወደ ቀሚሳቸው ሰበሰቡ።

«ኦኬ» አለች ራውዳ። ሳፋውን አንስታ ወደ ናይናይ አዞረችው።

የእማማ ሰአዳ ፊት አመድ መሰለ። ሳምንት ሙሉ የተፈገፈገ ተረከዝ፣ ያ ሁሉ ሂና፣ ቀሚስ ውስጥ ቀረ።

ቻይናዊቷ ግን እጇን አወናጨፈች፤ እግሯን ወንበሩ ሥር ደበቀችና አንድ ነገር ተናገረች።

«ምን አለች?» አሉ እማማ ሰአዳ።

«የኔ እግር አይታጠብም፣ ቆሻሻ ነው፣ የራስሽን አያት እጠቢ አለች። ኦኬ፣ ልመልሰው።» ራውዳ ሳፋውን ይዛ ልትሄድ ተነሳች።

እማማ ሰአዳ ግን ያን እጅ አዩት። የሚወናጨፈው እጅ የራሳቸው እጅ ነው። ዓይኗንም አዩ፤ ውሃው ሲሄድ ተከትሎት ሄደ፣ ተመልሶም ምንም እንዳላየ ጣሪያ ጣሪያውን አየ።

«አንቺ! ቁሚ!» አሉ። «ውሃውን ወዴት ትወስጃለሽ? ሴትዮዋ እምቢ ያለችው እንድትለምኛት ነው!»

«ኖ አለች እኮ።»

«እኔ ነኝ የማውቀው። ‹በሞቴ› በያት።»

«በቻይንኛ በሞቴ ምን ይባላል?»

«እኔ ነኝ እንዴ ቻይንኛ የተማርኩት?»

ራውዳ ያላትን ቃል ሰብስባ ለመነች። ቻይናዊቷ ባሰባት። እማማ ሰአዳን በጣቷ እያሳየች እንደ ጉድ ተናገረች።

«ትልቋ እሷ ናት፣ እሷ ትቅደም አለች።»

«ትልቋ? እኔ? ፊቷን በመስታወት አይታው ታውቃለች? ይህን እንዳትነግሪያት!»

ራውዳ ሳፋውን እንደያዘች በሁለቱ መሃል ቆመች። ሌሎቹ ልጆች ጨርሰው ፎጣ ያጥፋሉ። አንዴ ይህችን አንዴ ያችን አየች። ሁለቱም እግራቸውን ደብቀዋል፤ ሁለቱም ጣሪያ ያያሉ።

«እማማ» አለች ቀስ ብላ፣ «አንቺም እንደሷ ነሽ? ያ ሁሉ ጭማቂ?»

እማማ ሰአዳ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

ራውዳ ሳፋውን እግራቸው ሥር አስቀምጣ ተንበረከከች። «እማማ፣ በሞቴ።»

«ምላስሽን ሰብስቢ! በቻይንኛ በያት አልኩሽ እንጂ! ልጅ በሞቱ ያስምላል?»

ልጅቱ እንደተንበረከከች ጠበቀች። እማማ ሰአዳ ተጨነቁ። በወጉ ገና አንድ «ተዪኝ» ይቀራቸዋል። ግን ይህች የጆሃንስበርግ ልጅ ናት። አንዴ ተዪኝ ካሏት «ኦኬ» ብላ ብትነሳስ? ወግና ሳፋ በአንድ ቀን አይገኝም።

«እንግዲህ ካልሽ» አሉና ቀኝ እግራቸውን ውሃው ውስጥ ከተቱ።

ውሃው እስከዚያ በርዷል። ራውዳ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አሸች።

«ሂናው ለራስሽ አልነበረም?» አለች።

«ዝም ብለሽ እጠቢ።»

ስትጨርስ መዳፋቸውን ከፍተው ዱዓ አደረጉ፤ እደጊ፣ ክበሪ፣ የሚያጥብሽ አይጥፋ አሉ። ራውዳ «አሚን» አለች። ጎናቸው ያለችው አሮጊትም ነገሩ የገባት ይመስል አብራ ራሷን ነቀነቀች።

ከዚያ ራውዳ ውሃ ለውጣ ወደ ናይናይ ሄደች። ለመነቻት፣ እምቢ አለች። ለመነቻት፣ እምቢ አለች። በሦስተኛው አሮጊቷ ተነፈሰችና እግሯን አወጣች። እማማ ሰአዳም ነጠላቸውን ጨምድደው ይህን ሁሉ ያዩ ነበር።

ሲመለሱ መኪናው ውስጥ ማንም ሳይጠይቃቸው ተናገሩ። «እሷን ሦስቴ ለመንሻት። የገዛ አያትሽን አንዴ።»

«እማማ፣ አንቺ ቶሎ እሺ አልሽ እኮ!»

ከሊል መሪውን ይዞ ሳቀ። እማማ ሰአዳ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ራውዳ ቦርሳዋን ከፍታ ብስኩት አወጣችና ዘረጋችላቸው።

«አልፈልግም» አሉ።

ራውዳ እጇን አላጠፈችም።