ከዳር መራቅ

ነፋሱ ከመድረሱ በፊት ምልክቱን አየሁት። በሮኪ ተራሮች በኩል የጎስት ሌክ ሐይቅ ውሃ በአንድ ጊዜ ጠቆረ፤ ጥቁሩ መስመር ወደ እኛ ይሮጥ ነበር።

«ቴዲ፣ ዋናውን ሸራ እናሳንሰው፤ አሁኑኑ» አልኩት ባሌን ቴዎፍሎስን።

ግማሹን አውርዶ ሲያስር፣ ቋጠሮውን ሳይጨርስ ነፋሱ ደረሰብን። ትንሿ ጀልባችን በጎኗ ተኛች። የተሰማኝ ፍርሃት ብቻ አልነበረም። የበረዶውን ክረምት በሙሉ ሳቫና ሰፈር ቤታችን ቁጭ ብለን ያጠናነው ይህንኑ፣ በማዕበል ጀልባ መያዝን ነበር። በነሐሴ ከቫንኩቨር ወደ ባሕር ልንወጣ አስበናል።

ስልኩ ጮኸ። ቴዲ አነሳው፤ አባቱ ጋሼ ዘውዱ ናቸው፤ ድምፃቸው እኔ ጋ ይሰማል። ከቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ጋር ለፒክኒክ ዳር ላይ ተሰብስበዋል።

«እዚያ ምን ትሠራላችሁ? ቶሎ ውጡ። እኛ እንይዛችኋለን።»

ሰዎቹ ነጠላና ፎጣ እያውለበለቡ ይጠሩናል። ነፋሱም የሚነፍሰው ወደ እነሱ ነው። የቆሙበት ዳር ግን አለት ነው፤ ማዕበሉ እየተሰባበረበት ነጭ ሆኗል።

«እንሂድ፤ አባዬ እኮ ነው የሚለን» አለ ቴዲ።

«በዚህ ፍጥነት ሄደን አለቱ ላይ ነው የምንላተመው። የሚሰብረን ውሃው አይደለም፤ መሬቱ ነው። ደግሞ የጸሎት ቡድን መሪ አይደለህ? ነፋሱን ገሥጸው።»

«አንቺ መሪውን ያዢ፤ መገሠጹን ለኔ ተይው።»

ስልኩን ተቀበልኩት። አማቴን እምቢ ብያቸው አላውቅም።

«ጋሼ፣ አሁን አንመጣም። እስኪያልፍ መሃል እንቆያለን።»

«መሃል? አብደሻል እንዴ?»

ዘጋሁት።

የጀልባዋን አፍንጫ ነፋሱን አቋርጬ ወደ ሌላው ጎን አዞርኩት። ቴዲ እንዳጠናነው የፊተኛውን ሸራ ገመድ አልለቀቀም፤ ሸራው በተቃራኒው ጎን በነፋስ ተወጠረና ወደ ኋላ ይገፋን ጀመር። የመሪውን ዘንግ ነፋሱ ወደሚሄድበት ጎን ገፍቼ አሰርኩት። አልሆነም። አፍንጫዋ እንደገና ወደ አለቱ ዞረ።

«ዋናው ሸራ ላልቷል። ትንሽ ሳበው። ትንሽ ጨምር። በቃ።»

ቆመች። ሸራዎቹና መሪው እየተጓተቱ ያዟት፤ ቀስ ብላ ወደ ጎን ብቻ ትንሸራተታለች። ስትንሸራተት ነፋሱ በሚመጣበት በኩል የረጋ ውሃ ትታ ትሄዳለች። ትልቁ ማዕበል እየተንደረደረ መጥቶ እዚያ ላይ ሲደርስ አቅሙ ከዳውና በጀልባችን ሥር አለፈ። ሌላው ተከተለ፤ እሱም እንደዚያው ሆነ። መጽሐፍ ላይ ያነበብኩት ነገር በዓይኔ ፊት ሲሠራ አየሁ። ሳላስበው ሳቅሁ። ቴዲም ሳቀ፤ ውሃ ከጢሙ ይንጠባጠባል።

ነፋሱ ሲበርድ ገመዶቹን ፈትተን በዝግታ ወጣን። ጋሼ ዘውዱ ከነጫማቸው ውሃው ውስጥ ቆመዋል። ከኋላቸው አለቱ ላይ ማዕበሉ የጣለው የአንድ ሰው ባዶ ታንኳ ለሁለት ተሰብሮ ተኝቷል።

«ስልኩን የዘጋሽብኝ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

ታንኳውን ዞር ብለው አዩት። ከዚያ ጃኬታቸውን አውልቀው ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝ።

«ሌላ ጊዜ እንዲህ ሆናችሁ ከደወልኩ» አሉ፣ «ጨርሶ አታንሺው።»