የእግር ፍተሻ

አራት፣ አሁን፣ አዎ ይላል ሃምሳ አለቃ ጥሩሰው ዓይኑን እንደጨፈነ፣ አንድ ሁለት ሦስት አራት፣ አዎ፣ ዶክተሯ በአራት በአራት ነው የምትነካው፣ ደርሶበታል፣ የሰልፍ ምት ነው፣ ከሠራዊቱ ከወጣ ሠላሳ ዓመት ቢያልፈውም ምት አይጠፋውም፣ መጀመሪያ ላይ አንዴ አጮልቆ አይቶ ነው የያዘው፣ ቀጭን የመፈተሻ ክር በውስጥ እግሩ ላይ ታሳርፋለች፣ ታነሳለች፣ ሲሰማዎት አዎ ይበሉኝ ብላዋለች፣ ምንም አይሰማውም፣ አዎ።

የሚሰማ እግር አይቆረጥም። ይህን ማን እንደነገረው አያስታውስም፣ ምናልባት ራሱ ነው ለራሱ የነገረው። ዶክተር ኑኃሚን ግን ጠዋት ቁርጡን ተናግራለች፣ ሁለቱ ጣቶች ሞተዋል ሃምሳ አለቃ፣ ስኳሩ ነርቩን ጎድቶታል፣ ቁርጭምጭሚትዎ ላይ የደም ምቱ ገና አለ፣ ዛሬ ጣቶቹን አንስቼ የበሰበሰውን ካጸዳሁ እግሩ ሊተርፍ ይችላል፣ ሦስት አራት ቀን ካቆየነው ከጉልበት በታች ነው የሚቆረጠው፣ ያኔ እኔን እንዳይወቅሱኝ። ዕድሜዋ ከመጨረሻ ልጁ አይበልጥም። የቀረው ፊርማው ነው፣ እሱ ደግሞ አልፈርምም ብሏል፣ እግሬ ይሰማኛል ብሏል፣ እንግዲያውስ እንየው ብላ ክሩን ያመጣችው ለዚህ ነው፣ ሁለት ሦስት አራት፣ አዎ።

ጎኑ ያለው አልጋ ላይ ዱባ የሚባል ሰውዬ ይጮሃል። ከዱብሉቅ ወዲያ የመጣ ከብት አርቢ፣ በሬ ረግጦ እግሩን ሰብሮታል፣ ነርሷ ፋሻውን ስትፈታለት ያ ዋቃ፣ ያ ዋቃ፣ አምላክ ሆይ እያለ በኦሮምኛ ግቢው እስኪሰማ ይጮሃል፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ሰው አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ፣ ናጋ ነው፣ ሰላም ነው ወዳጄ ይለዋል። ሰሞኑን ጥሩሰው ንቆት ነበር፣ ወንድ ልጅ እንዲህ ይጮሃል እንዴ፣ አሁን ግን ይቀናበታል፣ በሰው ስብራት ይቀናል፣ ይኸም ቅናት ሆኖ።

እግር እሱ ያውቃል። ሥራው ነበር፣ እዚሁ ነገሌ ጦር ሰፈር፣ ከጉዞ መልስ ምልምሎቹን በመስመር አስቀምጦ፣ ከስክስ ጫማቸውን አስፈትቶ፣ አንተ ጥፍርህን ቁረጥ፣ አንተ ይኼ ውሃ የቋጠረው መቼ ነው፣ አንተ ደደብ ሁለት ቀን ሙሉ እሾህ ይዘህ ነው እንዴ የሄድከው፣ በሉ ሙቅ ውሃና ጨው፣ የሁሉም መድኃኒት ሙቅ ውሃና ጨው ነው። የመቶ ሃያ ሰው እግር ያገላብጥ ነበር፣ የሱን የሚያገላብጥ አልተመደበም። ሠራዊቱ ተበትኖ የመጋዘን ዘበኛ ከሆነ በኋላም ልማዱ አልለቀቀውም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳፋ ይቀርባል። ጤና ጣቢያ ስኳር አለብዎት ያሉት ጊዜ እግርዎን ሙቅ ውሃ ውስጥ አይንከሩ ብለውት ነበር፣ ስቆ ወጣ፣ ለኔ ስለ እግር፣ ለኔ።

እና ያ ቅዳሜ። ሚስቱ ትርንጎ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ቆማለች፣ እንዴት ነው ሙቀቱ ትለዋለች፣ እግሩን ይነክራል፣ ጨምሪ፣ ትጨምራለች፣ ኧረ እንፋሎቱ አስፈራኝ፣ ጨምሪ ስልሽ፣ ለብ እንኳ አላለም። ሲያወጣው ቆዳው እንደ ቅቅል ድንች ልጣጭ ተነሳ። እሷ ጮኸች፣ እሱ አልጮኸም። እዚህ ሲመጡ ካርድ የምትጽፈው ልጅ ምን ሆነው ነው አባቴ ስትለው ባለቤቴ የፈላ ውሃ አፍስሳብኝ አለ፣ ውሸት አይደለም፣ አፍስሳለች፣ ካርዱ ላይም እንዲያው ተጻፈ። ይኸው ሦስት ሳምንት ትርንጎ አልጋው ሥር ምንጣፍ ላይ ታድራለች፣ ጠያቂ ሲመጣ እኔ ነኝ ያቃጠልኩት ትላለች፣ ሁለት ጊዜ እያለቀሰች ይቅር በለኝ ብላዋለች፣ ሁለት ጊዜ ይቅር ብያለሁ ብሏታል፣ ያውም ራሷን እየዳበሰ፣ ምን ይበላት ታዲያ፣ አልተሰማኝም ካላት የሞተ እግር አለኝ ማለቱ ነው፣ ሦስት አራት፣ አዎ፣ አንድ ሁለት ሦስት አራት፣ አዎ፣

ሃምሳ አለቃ፣ ትላለች ዶክተሯ።

አዎ።

ዓይንዎን ይግለጡ፣ ካቆምኩ ቆየሁ እኮ፣ እጄ ኪሴ ውስጥ ነው።

ይገልጣል። እውነትም ሁለቱም እጆቿ ጋዋኗ ኪስ ውስጥ ናቸው፣ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። ዱባ እንኳ ጩኸቱን ትቶ ወደሱ ይመለከታል። ያፍራል፣ ሲሰርቅ እንደተያዘ ሰው ያፍራል፣ ግን የሚያፍረው ዶክተሯን አይደለም፣ ትርንጎ ግርጌው ቆማ እግሩን ታያለች፣ ፊቱን ታያለች፣ ነገሩ ገና እየገባት ነው። ወረቀቱን ስጪኝ ይላል፣ ይፈርማል፣ እንደፈራው አይደለም፣ ስም መጻፍ ነው። ዶክተሯ የቀዶ ጥገና ክፍሉን ላስዘጋጅ ብላ ትወጣለች።

አሁን ዝም ማለት ይቻላል። ሁለት ጣት ሄዶ ካርዱ ላይ የተጻፈው እንደተጻፈ ይቀራል፣ ማን ይጠይቀዋል።

ትርንጎ፣ ይላል፣ ያን ቀን ውሃው አልተሰማኝም ነበር፣ እግሬ ከደነዘዘ ዓመት አልፎታል፣ እያወቅኩ ነው ጨምሪ ያልኩሽ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።

ደስ ይላታል ብሎ ነበር፣ ታለቅስ ይሆናል ብሎም ነበር።

ታዲያ ምኑን ነው ይቅር ያልከኝ? ትለዋለች።

ባለ ጎማው አልጋ መጥቷል፣ ሁለት ሰዎች አንስተው ያጋድሙታል፣ ሌላ ጊዜ ቢሆን ጋቢውን ታስተካክልለት ነበር፣ አሁን እጇን አጣጥፋ አጠገቡ ትራመዳለች፣ ንገረኝ እንጂ፣ ሁለት ጊዜ ነው እኮ ያልከኝ፣ ምኑን ነው፣ በሩ ጋ ደርሰዋል፣ ከዚህ ወዲያ አይገባም ይሏታል፣ እሷም ትቆማለች፣ እሱ ገና አንገቱን ወደሷ እንዳዞረ በሩ ይዘጋል።