ሶፋ የሌለበት ጉባኤ

"በጎን አዙሩት! በጎን! ግድግዳውን እንዳይልጠው!"

ሁለቱ ተሸካሚዎች ትልቁን ቀይ ሶፋ በአዳራሹ በር ለማሾለክ ሲታገሉ፣ የጉባኤው አዘጋጅ ታብሌቷን በብብቷ ሸጉጣ ከኋላ ትመራለች። ሶፋው ግማሽ አካሉን አውጥቶ እምቢ አለ። ይህን ጊዜ ከውጭ በኩል አንድ እጅ ብቅ ብሎ ሁለተኛውን የበር ክንፍ ወለል አድርጎ ከፈተው።

"ቀስ በሉ ልጆቼ። እንዲህ ነው። እሰይ! ወገባችሁን ያጽናው።"

አባቷ ነበሩ። አዲስ ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፤ ክራቫታቸው እስከ ጉሮሯቸው ተስቧል፤ ጫማቸው ፊት ያሳያል። ዕድሜ ልካቸውን ባለ ሦስት እግር መሣሪያ ተሸክመው፣ ገደል ወጥተው ገደል ወርደው መሬት ሲቀይሱ ኖረው ዘንድሮ ጡረታ ወጡ። የቀያሾች ማኅበር ደግሞ በየዓመቱ ጉባኤ ሲያደርግ የዓመቱን ጡረተኞች ከፊት ሶፋ ላይ ያስቀምጥና፣ አንድ በአንድ መድረክ ላይ ጠርቶ ያናግራቸዋል። አባቷ ይህን ሲያዩ የኖሩት ከኋላ፣ ከዓምዱ ሥር ሆነው ነው። ዘንድሮ ተራው የእሳቸው ነበር።

ነበር። ማኅበሩ የዘንድሮውን ጉባኤ በአዲሱ ዘዴ እንድታዘጋጅለት የቀጠረው እሷን ነው። በአዲሱ ዘዴ የክብር መድረክ የለም፤ ሶፋ የለም፤ ረጅም ንግግር የለም። ሰው ሁሉ ክብ ጠረጴዛ ከብቦ ይወያያል፣ በስልኩ ድምፅ ይሰጣል፣ መምጣት ያልቻለው በስክሪን ይገባል። አምና ከምሳ በኋላ በንግግር ብዛት ግማሹ አዳራሽ ተኝቶ ስለነበር፣ ሰብሳቢው ራሱ "ይህን ንግግር ግደይልኝ" ብሏታል። ገደለችው። ከተገደሉት መካከል የአባቷ ንግግር እንዳለበት ግን ለአባቷ አልነገረችም። የሚኖሩት አንድ ቤት ነው፤ ዛሬ እነግራቸዋለሁ፣ ነገ እነግራቸዋለሁ ስትል ሰነበተች። መርሐ ግብሩ ለአባላቱ ሁሉ በስልክ ተልኳል፤ አባቷ ግን "ያ ነገር ስልኬን ያስነጥሰዋል" ብለው አልከፈቱትም። ማታ ማታ መታጠቢያ ቤት ገብተው "ክቡራን እንግዶች፣ ክቡራትና ክቡራን..." ሲሉ ትሰማቸዋለች። ሰው እንዳይሰማቸው ቧንቧ ከፍተው ስለሚለማመዱ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ውኃው ይወስደዋል።

"አሮጌውን አወጣችሁት?" አሉ አሁን፣ አንገታቸውን ወደ ውስጥ አስግገው። "አዲስ ሊገባ ነዋ?"

"አባባ፣ አዲስ አይገባም።"

"እና እኛ ጡረተኞቹ የት ልንቀመጥ ነው?"

"ከሰው ጋር። እንደ ሁሉም ሰው፣ ጠረጴዛ ዙሪያ። ንግግሩም... ዘንድሮ ቀርቷል። ልነግርዎት እያልኩ..."

እጃቸው ከበሩ አልተነሳም። ሶፋው በኮሪደሩ ጥግ ታጥፎ እስኪሰወር በዓይናቸው ተከተሉት።

"የኔ ነገር!" አሉ በመጨረሻ። "በር ከፍቼ ሸኘሁት።"

ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ከጥርስ አላለፈም።

ሰብሳቢው ወሬውን ከኋላ ደርሶ ሰምቶ ኖሮ እጁን አወናጨፈ። "ኧረ በጭራሽ! ለኛ ጋሼማ ሶፋውን አስመልሺ። ብቻቸውን እንዳይሆኑ እኔም አጠገባቸው እቀመጣለሁ።"

"እርስዎ ተቀምጠው ምክትልዎ ሊቆሙ?" አለች አዘጋጇ። "ከዚያ የክብር እንግዳው ይከተላሉ፤ ከዚያ የእንግዳው አጃቢ።"

"ተዉት እባካችሁ" አሉ አባቷ። "ብቻዬን ሶፋ ላይ ፊት ለፊት ብጎለት፣ ሰው ለቅሶ የመጣ ይመስለዋል።"

ሄደው ከዓምዱ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ተቀመጡ።

ጉባኤው ሰመረ። ጠረጴዛው ሁሉ እንደ ንብ ቀፎ ይተማል፤ ሰው አይተኛም፤ ራቅ ካለ አገር በስክሪን የገቡት ሳይቀሩ እየተሟገቱ ነው። አዘጋጇ ግን ዓይኗ ከዓምዱ ሥር አልነቀል አላት። አባቷ አጠገብ የተቀመጠች አንዲት ወጣት ቀያሽ በስልክ ድምፅ አሰጣጡን ታሳያቸዋለች።

"ጋሼ፣ አይጫኑት እኮ፤ ነካ ብቻ ያድርጉት።"

"ነካ ሳደርገው መች ሰማኝና!"

ይሳሳቃሉ። ሳቁ ባለፈ ቁጥር የአባቷ እጅ ወደ ኮታቸው የውስጥ ኪስ ሄዶ፣ ዳበስ አድርጎ ይመለሳል።

ከሰዓት በኋላ የሐኪሞች ማኅበር ጸሐፊ መጥታ ከኋላ ቆመች። አዘጋጇ ሴትዮዋን ያስመጣችው ለምና ነው፤ የሐኪሞቹን ጉባኤ ለማዘጋጀት ካገኘች መኝታ ቤቷ ውስጥ መሥራቷ ቀርቶ የራሷን ቢሮ ትከፍታለች። ከመዝጊያው በፊት እንዲታይ ያዘጋጀችው ፊልም፣ አዲሱ ዘዴ እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳየው፣ ለጸሐፊዋ እንጂ ለሌላ ለማንም አልነበረም።

"ፊልምሽን አይቼ ልሂድ" አለች ጸሐፊዋ። "መቼ ነው?"

"አሁን ነው።"

የድምፅ ባለሙያው በጆሮ ማዳመጫዋ በኩል ጠራት። "አለቃ፣ ፊልሙ ዝግጁ ነው። ልልቀቀው?"

አፏን ልትከፍት ስትል አባቷን አየቻቸው። ጠረጴዛቸው ይንገዳገዳል። አንዱ ክርኑን ሲያሳርፍ የሌላው ብርጭቆ ይፈስሳል። አባቷ ጎንበስ ብለው እግሩን አዩ፤ መዳፋቸውን ላዩ ላይ ዘርግተው ማዘንበሉን ለኩ፤ ዕድሜ ልክ ልማዳቸው ነውና። ከዚያ ከውስጥ ኪሳቸው የታጠፈውን ወረቀት አወጡ። እንደገና አጠፉት፤ እንደገና። ጎንበስ ብለው ከአጭሩ እግር ሥር ወሸቁት። ጠረጴዛውን ነቅነቅ አድርገው ሞከሩት። ጸጥ አለ።

"አሁን ቀና አለ" ሲሉ ሰማቻቸው፤ ወጣቷም "እጅዎ ይባረክ ጋሼ!" አለቻቸው።

"አለቃ! ልልቀቀው ወይ?"

"ተወው" አለች።

"ምኑን?"

"ፊልሙን። ማይኩን ዘንድሮ ጡረታ ለወጡት ስጥልኝ፤ በየተቀመጡበት ይናገሩ። ከዓምዱ ሥር ጀምር።"

ጸሐፊዋ ቅንድቧን አነሳች። "ፊልሙስ?"

"ዛሬ የለም።"

ጸሐፊዋ ሰዓቷን አየች። ትሂድ ትቆይ አዘጋጇ ዘወር ብላ አላየችም፤ በጠረጴዛዎቹ መካከል እየተሽሎከለከች ወደ ዓምዱ ሄደች። ማይኩ ቀድሟት ደርሷል። አባቷ እንደ ትኩስ ብርጭቆ በጣታቸው ጫፍ ይዘውታል።

"ምን ልበል?" አሉ፤ ድምፃቸው አዳራሹን ሞላውና ራሳቸው ደነገጡ። "ንግግሬ ጠረጴዛው ሥር ነው። ካነሳሁት ውኃችሁ ይፈስሳል።"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

"ያንሱት፣ አባባ" አለች።

የጆሮ ማዳመጫዋን ከጆሮዋ ነቀለች። ስታዘጋጅ በኖረችባቸው ጉባኤዎች ሁሉ ተቀምጣ አታውቅም፤ አሁን ባዶ ወንበር ስባ ከአባቷ ጎን ተቀመጠችና፣ እሳቸው ወረቀቱን ሊያነሱ ሲጎነበሱ፣ እንዳይነቃነቅ ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ያዘችው።